ጨጓራ ራሱን ከቁስለት የሚከላከለው እንዴት ነው? ተልባ፣ አብሽና ማርስ እስከ ምን ድረስ ይረዳሉ?

መስቀል ሲቃረብ ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ የሚወስዱት መንገዶች አገር ቤት በሚገባ ሰው ይሞላሉ። ክትፎው፣ ቆጮው፣ አይቤው፣ ሚጥሚጣው በየቤቱ ይቀርባል። በዓሉ ካለፈ በኋላ ደግሞ «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። ወዲያውም ጥፋቱ ሁሉ ለሚጥሚጣው ይሰጥና ለማስታገሻ ተልባ ይበጠበጣል።

በሁለቱም ውስጥ ጥቂት እውነት አለ። ነገር ግን በዚያው ቤት ዓመቱን ሙሉ እንሰት ሲፍቁ የኖሩ፣ ወገባቸውንና ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በየቀኑ የቁርጥማት ኪኒን የሚውጡ እናት አሉ እንበል። የእሳቸውን ጨጓራ እያቆሰለ ያለው ሚጥሚጣው ሳይሆን ኪኒኑ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ጠዋት የሚጠጡት ተልባም ማቃጠሉን ጋብ ያደርግላቸውና ቁስሉን ይደብቅባቸዋል። አንድ ቀን ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ራሳቸውን ያዞራቸዋል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት፣ ጤነኛ ጨጓራ በራሱ አሲድ የማይቃጠለው ለምን እንደሆነ ማወቅ ይረዳል።

ጨጓራ ራሱን ለምን አይፈጭም?

ጨጓራ በቀን ከ1 ሊትር በላይ አሲድ ያለበት ፈሳሽ ያመነጫል። ይህ ፈሳሽ ሥጋን ያላላል፣ አብዛኞቹን ጀርሞችም ይገድላል። የጨጓራው ግድግዳ ራሱ ሥጋ ሆኖ ሳለ የማይፈጨው፣ በላዩ ላይ ዝልግልግ የሆነ ሽፋን ስላለው ነው። ሽፋኑ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ውፍረት ቢኖረውም ከሥሩ ባይካርቦኔት የሚባል አሲድን የሚያከሽፍ ንጥረ ነገር ይይዛል። ስለዚህ በጨጓራው መሐል ኃይለኛ አሲድ እያለ ግድግዳው አጠገብ ያለው ፈሳሽ ግን ከተራ ውኃ ብዙም አይለይም።

ከዚህ ሽፋን በታች ያሉት ሴሎች በጥቂት ቀናት ውስጥ በአዲስ ይተካሉ። ትንሽ ጭረት ቢደርስባቸው ጎረቤት ሴሎች በፍጥነት ተስበው ቀዳዳውን ይደፍናሉ። ይህን ሁሉ ሥራ የሚያንቀሳቅሰው በግድግዳው ውስጥ የሚዘዋወረው ደም ነው፤ ኦክስጅን ያመጣል፣ ሾልኮ የገባውን አሲድም ጠርጎ ይወስዳል። የጨጓራ ቁስለት የሚባለው ከእነዚህ መከላከያዎች አንዱ ወይም ከዚያ በላይ ሲዳከምና አሲዱ ግድግዳውን ቦርቡሮ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ነው። በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ የሚወጣው ቁስለትም የዚሁ ዓይነት ነው፤ ሰው ሁለቱንም «ጨጓራ» ይለዋል።

ጠባቂዎቹን የሚያዝዘው ማን ነው?

እዚህ ላይ ነው ሆርሞኖችና ሆርሞን መሰል ንጥረ ነገሮች የሚመጡት። ከሁሉም በላይ መታወቅ ያለበት ፕሮስታግላንዲን ነው። ፕሮስታግላንዲን እንደ ሌሎቹ ሆርሞኖች በደም ርቆ አይጓዝም፤ እዚያው በተመረተበት ቦታ ይሠራል። በጨጓራ ውስጥ ዝልግልጉ ሽፋንና ባይካርቦኔቱ እንዲመነጩ ያደርጋል፣ የደም ዝውውሩን ይጠብቃል፣ አሲዱንም ይቀንሳል። ባጭሩ የጨጓራ የጥበቃ አለቃ ልንለው እንችላለን።

ችግሩ፣ ይኸው የንጥረ ነገር ቤተሰብ በሌላ ቦታ ሕመምና እብጠትን ያመጣል። ጉልበትዎ ሲያብጥ፣ ጥርስዎን ሲያምዎ እዚያም ፕሮስታግላንዲን አለ። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳሳየው አስፕሪንና መሰሎቹ ሕመም የሚያስታግሱት የዚህን ንጥረ ነገር ምርት በመከልከል ነው። ለዚህም ሥራ እ.ኤ.አ. በ1982 የኖቤል ሽልማትን ከሁለት ስዊድናውያን ጋር ተካፍሏል። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲንም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። መድኃኒቱ ጉልበትን ከጨጓራ ለይቶ አያውቅም። የጉልበቱን ሕመም ሲያስታግስ የጨጓራውን ጠባቂም አብሮ ያስተኛዋል።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። «ኪኒኑ ጨጓራዬን ስለሚነካኝ መርፌውን ውጉኝ» የሚሉ ሕሙማን ጥቂት አይደሉም። መርፌውም ቢሆን በደም አድርጎ ጨጓራ ይደርሳል፣ ፕሮስታግላንዲኑንም ይከለክላል። ዲክሎፌናክ በመርፌ ስለተሰጠ ለጨጓራ የዋህ አይሆንም። ምግብ በልቶ መዋጥም ማቃጠሉን ይቀንስ ይሆናል እንጂ የቁስለቱን አደጋ አያስቀርም።

ሌሎቹን መልእክተኞች ባጭሩ እንያቸው። ጋስትሪን ምግብ ሲገባ አሲድ እንዲመነጭ ያዛል፤ ሶማቶስታቲን ደግሞ «በቃ» ብሎ ያቆመዋል። ሴክሬቲን የሚመነጨው ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ ነው። አሲድ ከጨጓራ ወደዚያ ሲወርድ ቆሽት ባይካርቦኔት እንዲለቅ ያደርጋል። ለነገሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ቤይሊስና ስታርሊንግ የተባሉ እንግሊዛውያን ሲያገኙት፣ በዓለም ላይ ተለይቶ የታወቀው የመጀመሪያው ሆርሞን ይኸው የአንጀት ጠባቂ ነበር። በምራቃችን ውስጥም ሴሎች እንዲታደሱ የሚያግዝ የዕድገት ንጥረ ነገር አለ፤ ምራቅ በዋጥን ቁጥር ወደ ጨጓራ ይወርዳል። እንቅልፍን በማምጣት የሚታወቀው ሜላቶኒን በአንጀት ግድግዳም ይመረታል። ጨጓራን ስለ መጠበቁ ግን እስካሁን የሚነገረው በአብዛኛው በአይጦች ላይ ከተደረጉ ሙከራዎች የተገኘ ስለሆነ፣ ሜላቶኒን ለጨጓራ ብለው ገዝተው አይዋጡ።

የፕሮስታግላንዲንን ሥራ የሚተካ ሚሶፕሮስቶል የሚባል መድኃኒት አለ። የተሠራውም ለጨጓራ ነበር። ነገር ግን ማሕፀንን ስለሚያኮማትርና ፅንስን ስለሚያስወርድ ነፍሰ ጡር ሴት ለጨጓራ ብላ ፈጽሞ መውሰድ የለባትም።

ባክቴሪያው አለቃውን እንዴት ያታልላል?

ሁለተኛው ዋና የቁስለት መንስኤ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1980ዎቹ ድረስ የጨጓራ ቁስለት የጭንቀትና የቅመም በሽታ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በአውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ ሐኪሞች ይህን ባክቴሪያ በሕሙማን ጨጓራ ውስጥ አገኙ። የሚያምናቸው ሲያጡ እ.ኤ.አ. በ1984 ማርሻል ራሱ ባክቴሪያውን ጠጣ፤ በቀናት ውስጥም ጨጓራው ተቆጣ። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ኖቤል ተሸለሙ።

ባክቴሪያው በአሲድ ውስጥ የሚኖረው በዙሪያው አሞኒያ እያመረተ አሲዱን ስለሚያከሽፍ ነው። በሰላም ተቀምጦ ግን ዝም አይልም። ግድግዳውን ያስቆጣል፤ ቅድም «በቃ» ይላል ያልነውን ሶማቶስታቲንንም ያዳክማል። ያን ጊዜ ጋስትሪን ያለ ከልካይ ይለቀቅና አሲዱ ይበዛል።

በአገራችን የተደረጉ ጥናቶችን አንድ ላይ አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ግምገማ እንዳመለከተው ከተመረመሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ይህ ባክቴሪያ ነበረባቸው። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው በልጅነት ነው። በቡታጅራና በአካባቢዋ ገጠሮች ልጆችን ከእናታቸው ማሕፀን ጀምረው ሲከታተሉ የቆዩ ተመራማሪዎች ገና 3 ዓመት በሆናቸው ሕፃናት ሰገራ ውስጥ አግኝተውታል። መተላለፊያው ከአፍ ወደ አፍና ከሰገራ ወደ አፍ እንደሆነ ይታመናል፤ ንጹሕ ውኃና እጅ መታጠብ ለተቅማጥ ብቻ የሚነገር ምክር ያልሆነው ለዚህ ነው። ባክቴሪያው ያለበት ሰው ሁሉ ግን አይቆስልም። አብዛኛው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞት ምንም ሳይሰማው ይኖራል። ባክቴሪያውም የቁርጥማት ኪኒኑም በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ አደጋው ከሁለቱ ከእያንዳንዳቸው ይበልጣል።

ከጓዳ የሚወጡት መድኃኒቶች

ተልባና አብሽ ውኃ ሲያገኙ የሚዝለገለጉት በውስጣቸው ውኃን የሚይዝ ሙጫ መሰል ንጥረ ነገር ስላላቸው ነው። ይህ ነገር የጨጓራን የራሱን ዝልግልግ ሽፋን ይመስላል፤ ለጊዜው ግድግዳውን ሸፍኖ ማቃጠሉን ማብረዱም የሚያስገርም አይደለም። በአይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ሁለቱም በአልኮል የሚመጣን የጨጓራ ጉዳት ቀንሰዋል። እናቶቻችን ያዩት ነገር ባዶ አልነበረም ማለት ነው። ነገር ግን የአይጥ ሙከራ አስቀድሞ ተልባ ጠጥቶ በኋላ አልኮል የተሰጠው ጨጓራ ነው፤ ባክቴሪያ ለዓመታት ሲቦረቡረው የኖረ የሰው ጨጓራ ሌላ ነው። ተልባ ባክቴሪያውን አይገድልም። ዲክሎፌናክ ያስተኛውን ፕሮስታግላንዲንም አይቀሰቅስም።

ተልባና አብሽ ከተስማማዎት መተው የለብዎትም፤ ጥቂት ነገር ግን ይጠንቀቁ። ዝልግልጉ የመድኃኒትን ወደ ደም መግባት ሊያዘገይ ስለሚችል ከኪኒን ጋር ቢያንስ የአንድ ሁለት ሰዓት ልዩነት ያድርጉ። ተልባን በብዙ ውኃ ይጠጡ። አብሽ የደም ስኳርን ዝቅ ያደርጋል፤ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው በየቀኑ አብሽ ሲጀምር ስኳሩን ቶሎ ቶሎ መለካት ይኖርበታል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱና ነፍሰ ጡር ሴቶችም ከምግብ ያለፈ መጠን ከመውሰዳቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ።

ማር በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ባክቴሪያውን ያዳክማል። በሰው ጨጓራ ውስጥ ግን በአሲድና በምግብ ስለሚቀጥን ብቻውን ጠርጎ ያወጣዋል ማለት አይቻልም። ዕድሜው 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም። ጥቅል ጎመንም የራሱ ታሪክ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1949 ጋርኔት ቼኒ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም የጥሬ ጥቅል ጎመን ጭማቂ ቁስለትን ቶሎ ያድናል ብሎ ጽፎ ነበር። የዛሬው ሐኪም የማያዝዘው ጎመን መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት መድኃኒቶች እጅግ ስለሚበልጡት ነው።

ቡላስ? የቡላ ገንፎ ለስላሳ ነው፣ ለታመመ ሰው ይስማማል፣ ቅመም የለበትም። በሕንድ ያልበሰለ ሙዝ ዱቄት በአይጦች ጨጓራ ላይ ተሞክሮ ጥሩ ውጤት አሳይቷል፤ እንሰት ደግሞ የሙዝ ዘመድ ነው። ይሁንና የአንዱን ዘመድ ምስክርነት ለሌላው መስጠት አይቻልምና ቡላን እንደ ምግብ ይብሉት፣ እንደ መድኃኒት አይቁጠሩት።

ወተት ብዙ ሰው የሚሸሸግበት ነው። ሲጠጡት ያበርዳል፤ በውስጡ ያለው ካልሲየምና ፕሮቲን ግን ብዙም ሳይቆይ ተጨማሪ አሲድ ያስመነጫል። በየሰዓቱ ወተት እየጠጡ ማደር ቁስሉን አያድንም።

በርበሬው ተከሳሽ ነው ወይስ ጠባቂ?

ስለ ማረቆ በርበሬ ቡታጅራ አካባቢ ላለ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ይህ ሁሉ ሰው የሚወደው በርበሬ ጨጓራ ያቆስላል? የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ካፕሳይሲን ይባላል። በጨጓራ ግድግዳ ያሉ የስሜት ነርቮችን ይቀሰቅሳል። ነርቮቹም በትንሽ መጠን ሲቀሰቀሱ የደም ዝውውርን የሚጨምሩ ንጥረ ነገሮችን ይለቃሉ። ደም ደግሞ ቅድም እንዳልነው የጥበቃው መሠረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ከሲንጋፖር በወጣ ጥናት ቁስለት የነበረባቸው ሰዎች ከሌለባቸው ያነሰ የሚያቃጥል ቃሪያ ይመገቡ እንደነበር ታይቷል። በአንድ ጥናት ብቻ «በርበሬ መድኃኒት ነው» አይባልም፤ ሆድ የሚያመው ሰው መጀመሪያ የሚሸሸው በርበሬን ነውና። ቢሆንም በርበሬ ጤነኛ ጨጓራን ያቆስላል የሚለውን የሚደግፍ ጠንካራ ማስረጃ የለም።

ይህ ማለት ግን ቁስለት ያለበት ሰው ሚጥሚጣ ይነስንስ ማለት አይደለም። የተላጠ ጉልበት ላይ በርበሬ ቢነካዎ ምን እንደሚሰማዎ ያውቃሉ። ሲያቃጥልዎ ይተዉት፣ ሲድኑ በልክ ይመለሱበት።

ቡናም አሲድ ይጨምራል፤ ቁስለት ስለማምጣቱ ግን ማስረጃው ደካማ ነው። በባዶ ሆድ ሲጠጡ የሚያምዎ ከሆነ ቁርስ ያስቀድሙ። ጫትን በተመለከተ ከየመን እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ጥናት አዘውትሮ መቃምን ከትንሹ አንጀት ቁስለት ጋር አያይዞታል። የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋም ብዙዎች ሲቅሙ ውለው ራት ሳይበሉ ያድራሉ። አረቄና መሰሎቹ ጠንካራ መጠጦች ዝልግልጉን ሽፋን በቀጥታ ይጎዳሉ። ሲጋራ ደግሞ ቁስሉ እንዳይድን ያዘገየዋል፤ ከዳነ በኋላም እንዲመለስ ይረዳል።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ

ማቃጠሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ወይም እየተመላለሰ ካስቸገረዎት በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ። ሲሄዱ የሚወስዱትን ሁሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ፤ ከመድኃኒት መደብር የገዙትን የወገብ ኪኒን፣ ጎረቤት የሰጠዎትን፣ የልብ አስፕሪን፣ ከባሕል ሐኪም ያገኙትን ጭምር። ሐኪሙ ከማንኛውም ምርመራ የበለጠ ፍንጭ የሚያገኘው ከዚህ ፌስታል ሊሆን ይችላል። ለልብ ወይም ለስትሮክ የታዘዘልዎትን አስፕሪን ግን በራስዎ አያቋርጡ፤ ጨጓራን የሚጠብቅ መድኃኒት ሊታከልልዎት ይችላል። ለመገጣጠሚያ ሕመም በተለመደው መጠን የሚወሰድ ፓራሲታሞል ለጨጓራ ይሻላል።

ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ የአሲዱን ምንጭ ስለሚዘጉ ግድግዳው ራሱን እንዲጠግን ጊዜ ይሰጡታል። የሚወሰዱት ከምግብ 30 ደቂቃ ያህል በፊት ነው። ቁስሉ እስኪድን ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። ማቃጠሉ ግን በቀናት ውስጥ ስለሚጠፋ ብዙ ሰው እዚያው ላይ ያቋርጣል። ባክቴሪያው ከተገኘ ከኦሜፕራዞል ጋር ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች፣ ብዙውን ጊዜ ለ14 ቀን ይታዘዛሉ። በአምስተኛው ቀን ተሻለኝ ብሎ ማቆም መድኃኒቱን የለመደ ባክቴሪያ ማሳደግ ነው።

በፆም ወቅት፣ የረመዳንም ይሁን የዓቢይ ፆም፣ ንቁ ቁስለት ያለበት ሰው ሕመሙ ሊብስበት ይችላል። የመድኃኒቱን ሰዓት ከፆሙ ጋር ማስተካከል የሚቻልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የማይቻልም አለ። ለሐኪምዎም ለሃይማኖት አባትዎም ሳይደብቁ ይንገሩ።

እነዚህ ምልክቶች ከታዩ ግን ተልባም ቀጠሮም አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚያጣብቅ ሰገራ፣ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ትውከት፣ ድንገት እንደ ጩቤ የሚወጋና ሆድን እንደ ጣውላ የሚያደርቅ ሕመም፣ ራስን መሳት። የደም ማነስ ኪኒን (አይረን) የሚወስዱ ሰዎችም ሰገራቸው ይጠቁራል፤ ይህን ለሐኪሙ ይንገሩ እንጂ በራስዎ «ከኪኒኑ ነው» ብለው አይለፉት። ክብደት መቀነስ፣ ምግብ ሲዋጥ መያዝ፣ ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ የጨጓራ ሕመም በካሜራ የሚደረግ ምርመራ (ኢንዶስኮፒ) ስለሚያስፈልጋቸው ሳይውል ሳያድር ሪፈር ያስጽፉ።

ስለ ምርመራው አንድ ነገር እንጨምር፤ ብዙ ብር የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና። ከጣት ወይም ከክንድ ደም ተወስዶ «ባክቴሪያ አለብህ» የሚለው ፈጣን ምርመራ የሚያየው ሰውነት ለባክቴሪያው ያመረተውን መከላከያ ነው። ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይኸው ውጤት ሊወጣ ይችላል። በዚህ ምክንያት የዳነ ሰው ሦስትና አራት ጊዜ መድኃኒት ይወስዳል። መዳንዎን ለማወቅ የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ይጠይቁ። ፀረ ባክቴሪያውን ከጨረሱ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞልን ካቆሙ ደግሞ 2 ሳምንት መሙላት አለበት፤ ከዚያ በፊት ከተመረመሩ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። በመሐሉ ማቃጠል ከተነሳብዎት የሚወስዱትን ማስታገሻ ሐኪሙ ይምረጥልዎት፤ ናሙናውን ሲሰጡም ምን ምን ሲወስዱ እንደቆዩ ለላቦራቶሪ ባለሙያው ይንገሩ።